የበጋን ጓሮ በክረምት ስለ ማሰናዳት

«ዊንተር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መዝገበ ቃላቱ «ክረምት» ብሎ ይፈታዋል። እኔም ይህን ፍቺ ለብዙ ጊዜ ያለ ጥርጥር ተቀብዬው ነበር። ነገር ግን የነሱ ክረምትና የኛ ክረምት በስም ይገናኙ እንደ ሆነ እንጂ በግብር አይገናኙም። በአውሮጳና በሰሜን አሜሪካ በዚያ ወራት ብርዱ ይጸናል፤ ብዙው ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በብዙ ስፍራም ምድሩ በበረዶ ይሸፈናል። አትክልተኛው እጁ ሥራ ስለሚፈታ እሳት ዳር ተቀምጦ በሚመጣው ዘመን የሚተክለውን በወረቀት ላይ ይነድፋል፤ ዘር ይመርጣል፤ ቀን ይቈጥራል። በኛ በላስታ ግን በዚያው በታኅሣሥና በጥር ሰማዩ የጠራ፣ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ፣ መሬቱም ደረቅ ነው። እኛን እሳት ዳር የሚያስቀምጠን ሐምሌና ነሐሴ ነው።

ታዲያ ወራቱ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው። ሰው ከደጅ ወጥቶ እንደ ልቡ መሥራት በማይችልበት ጊዜ ስለሚመጣው ጊዜ ማሰብ ይችላል። ትምህርት ቤታችንም የሚዘጋው በዚሁ በክረምት ስለ ሆነ እርሳስና ደብተር ከእጃችን አይጠፋም። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን ሆይ፣ ቤተ ሰቤ ባለፉት ሁለት ዓመታት በጓሮው ያየውን እያነሣሁ፣ የበጋ አትክልት በክረምት እንዴት እንደሚታሰብ እንደ ዐቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከወላጆቻችን መካከል በእርሻ ሥራ ፀጕራቸውን ያሸበቱ ብዙዎች ናቸውና ስሕተት ባገኙ ጊዜ እንዲያርሙኝ እለምናለሁ።

አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፣ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ወይም በልግ ይባላል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በወይና ደጋና በደጋ መካከል ናት፤ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ዝናባችን አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርድና በመስከረም ይቈረጣል። ገብሱና ባቄላው፣ ስንዴውና ጤፉ ያን ዝናብ ጠጥቶ ይበቅላል። አትክልቱ ግን ዝናቡ ካባራ በኋላ በምንጭና በቦይ ውሃ የሚለማ ነው። የበጋ ጓሮ የምለው ይህን ነው፤ ምንም እንኳ ሥራው በመፀው ቢዠመርም ሁላችንም በልማድ በጋ እንለዋለን።

የኛ ጓሮ ከከተማው ሽቅብ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ወገን ነው። ቀድሞ አባቴ እንግዶችን በበቅሎ ወደ ገዳሙ እያወጡ በሚያገኙት ገንዘብ ቤታችን ይተዳደር ነበር፤ በጓሮው ውስጥ ለቤት የሚሆን ጥቂት ጎመንና ጤና አዳም ብቻ ነበረ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ የዓለምን መንገድ ሲዘጋ እንግዳው ቆመ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም እንግዳው እንደ ቀድሞው አልሆነም። አባቴ ከሁለቱ በቅሎዎች አንዱን ሸጡ፤ ጓሮውንም አሰፉት። እንግዲህ ጎመኑ የቤት ወጥ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ደብተርና ሳሙና፣ ጨውና ዘይት ሆነ።

አምና 12 መደብ ተከልን። እያንዳንዱ መደብ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህም 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። የድንቹን ዘር ከጎረቤት በዱቤ ወስደን ለፋሲካ ልንከፍል ቃል ገባን። ጥቅምትና ኅዳር እጅግ ያማረ ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ ያየን ነበር። ውሃ የምናገኘው ከአንድ ምንጭ ሲሆን፣ የውሃ አባቱ በሰጡን ተራ መሠረት በየአራት ቀኑ ለሁለት ሰዓት ያህል ወደኛ ይዞርልናል። (የውሃ አባት ማለት ባለ ቦዮቹ ራሳቸው መርጠው ተራ እንዲያከፋፍልና ጠብ እንዲያበርድ የሚሾሙት ሰው ነው። በከተማ ያደጋችሁ ጓደኞቼ ይህን ሹመት ቀላል አታድርጉት፤ በየካቲት ወር ከዳኛ ይልቅ እሱ ይፈራል።)

ጥር ሲጋመስ የምንጩ ድምፅ እየቀጠነ ሄደ። በየካቲትም ውሃው ስድስተኛውን መደብ ሳይጨርስ ተራችን ያልቅ ዠመር። እኔና ታናሽ እኅቴ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከሩቅ በጀሪካን እየተሸከምን የቀረውን ለማዳን ሞከርን፤ አልሆነም። ሽንኩርቱ ሳያኰርት ቀረ፤ በኅዳር የተከልነው ጎመን ሳይጠቀለል ቅጠሉ ወደቀ። ፋሲካ ሲደርስ ለድንቹ ዘር ዕዳ እናቲቱ በግ ተሸጠች። እናቴ ስለ በጊቱ አንዳች ቃል አልተናገሩም፤ እኔንም ያስጨነቀኝ ይኸው ዝምታቸው ነው።

በዚያው ሰሞን የጂኦግራፊ መምህራችን ስለ ዝናብ መለኪያ ሲያስተምሩን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ልክ 1 ሊትር ውሃ መሆኑን ነገሩን። ደግሞም ጎመንን የመሰለ ቅጠለ ሰፊ አትክልት ፀሐይና ነፋስ በበረታበት ቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ እንደሚፈልግ አስረዱን። ይህን በሰማሁ ማግስት 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ከምንጩ አፍ ደቅኜ በስልክ ሰዓት ለካሁ። ለመሙላት 200 ሴኮንድ ፈጀ። የተራችን ሁለት ሰዓት 7,200 ሴኮንድ ነው፤ ይህ ለ200 ሲካፈል 36 ጀሪካን፣ ማለትም 720 ሊትር ይሆናል። 720 ሊትር ለአራት ቀን ሲደለደል የቀኑ ድርሻ 180 ሊትር ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ካስፈለገ፣ 180 ሊትር የሚያጠጣው 36 ካሬ ሜትር ነው። 36 ካሬ ሜትር ደግሞ ስድስት መደብ ነው። ዐሥራ ሁለት አይደለም! በቦዩ ውስጥ የሚሰርገው ውሃ ሲታሰብማ ስድስቱም አይሞላም።

ይህን ስሌት ስጨርስ ደስም ዐዘንም አለኝ። በጊቱን የሸጠው የሰማይ ቍጣ ሳይሆን አንድ የማካፈል ሒሳብ ነበርና።

ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በነሐሴ መዠመሪያ ያንኑ ጀሪካን ከዚያው ምንጭ አፍ ደቀንሁት። በ12 ሴኮንድ ሞላ። እዚህ ላይ ነው የኛ ክረምት ዐቅድ ከፈረንጆቹ ክረምት ዐቅድ የሚከብደው። የፈረንጁ አትክልተኛ በብርድ ወራት ሲያስብ በደጁ የሚያየው ሁሉ ችግርን ያስታውሰዋል፤ ስለዚህ ይጠነቀቃል። እኛ ስናስብ ግን በየጓዳው ጣራ ይንጠባጠባል፤ በየሸለቆው ፏፏቴ ይጮኻል፤ ተከዜ እንኳ መነሻው እዚሁ ላስታ ነውና ምድራችን ለሌላው የሚተርፍ ውሃ ያላት ይመስለናል። ክረምት ስለ ውሃ ሲመሰክር ሐሰተኛ ምስክር ነው። የጓሮው ስፋት የሚወሰነው ዓይን በነሐሴ በሚያየው ሳይሆን በየካቲት በተለካው ነው። ስለዚህ ለማቀድ የሚፈልግ ሰው መዠመሪያ የሚያስፈልገው ዘርም ዶማም አይደለም፤ ባለፈው የካቲት የጻፈው ቍጥር ነው።

ቍጥሩን ለአባቴ አሳየኋቸው።

«አባባ፣ የምንተክለው በነሐሴው ውሃ አይደለም፤ በየካቲቱ ነው» አልኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ መሬት እያለኝ ግማሹን ጦም ላሳድረው?» አሉኝ።

እኔ መልስ አጣሁ። ከምድጃው ማዶ ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት አያቴ ግን እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «ልጂቱ አትትከሉ አላለችም፤ አታቆዩት ነው ያለችው» አሉ። በእውነት እኔ ያን አላልሁም ነበር፤ ነገር ግን ከኔ ሐሳብ የሳቸው ይሻል ነበር። በመስከረምና በጥቅምት ውሃ አለ። እንግዲህ 12ቱም መደብ ይተከላል፤ ስድስቱ ግን ምንጩ ሳይቀጥን፣ እስከ ጥር ድረስ ከመሬት መውጣት አለባቸው። የሚቈዩት ስድስቱ ብቻ ናቸው። የመዠመሪያዎቹን «የገና መደብ»፣ የኋለኞቹን «የሁዳዴ መደብ» ብለን ሰየምናቸው።

ለገና መደቦች የመረጥነው ሦስት መደብ ጥቅል ጎመን፣ ሁለት መደብ ድንችና አንድ መደብ ሰላጣ ነው። ገና በላሊበላ ምን ዓይነት በዓል እንደ ሆነ ለናንተ አልተርክም፤ ምእመናን ከየአገሩ በእግራቸው ሳይቀር ይጐርፋሉ። ከኅዳር 15 እስከ በዓሉ ዋዜማ ደግሞ የነቢያት ጾም ነውና ቤተኛውም እንግዳውም አትክልት ይፈልጋል። ስለዚህ ጎመናችን ከታኅሣሥ 15 ዠምሮ ለቅዳሜ ገበያ እንዲደርስ ፈለግን። ከዚህ ቀን ወደ ኋላ መቍጠር ነው። ጥቅል ጎመን ከችግኝ መደብ ከተዛወረ በኋላ በኛ አየር ከ90 እስከ 100 ቀን ይፈልጋል፤ እኔ 95 አልሁ። ከታኅሣሥ 15 ላይ 95 ቀን ሲቀነስ መስከረም 10 ይሆናል፤ ችግኙ የሚዛወረው ያን ቀን ነው። ችግኝ ሆኖ የሚቈየው 35 ቀን ነው። ከመስከረም 10 ላይ 35 ቀን ሲቀነስ ነሐሴ 10 ይወጣል። በመዠመሪያው ስሌቴ ነሐሴ 5 አግኝቼ ነበር፤ ምክንያቱም ጳጉሜንን ረስቼ ኖሯል! አምስቱን ቀን (በየአራት ዓመቱ ስድስቱን) የሚዘነጋ አትክልተኛ የሚጐዳው በጥቂቱ ነው፤ በፈተና ላይ ቢሆን ግን መምህሬ ይቅር አይሉኝም ነበር።

የሁዳዴው ቍጥር ከዚህ ይከብዳል፤ ሁዳዴ እንደ ገና ቀኑ የተወሰነ አይደለምና። በባሕረ ሐሳብ ሥርዐት መሠረት ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 አይቀድምም፤ ከመጋቢት 5ም አያልፍም። በነዚህ በሁለቱ መካከል 34 ቀን አለ። 34 ቀን ለሽንኩርት ብዙ ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ገበያ ሳያገኝ ይቀመጣል፤ የዘገየው ደግሞ ውሃ ያጣል። የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት በዘመን መለወጫ ቀን በቤተ ክርስቲያን ስለሚታወጁ፣ አያቴ ያን ቀን ሰምተው እንዲነግሩኝ አደራ አልኋቸው። ቀይ ሽንኩርት በችግኝ መደብ 50 ቀን፣ በዋናው መደብ 110 ቀን ያህል ስለሚቈይ በጠቅላላው 160 ቀን ነው። ጾሙ ለምሳሌ የካቲት 20 የሚገባ ከሆነ ዘሩ መስከረም 10 ይዘራል፤ ማለት ዐዋጁ ከተሰማ በኋላም ጊዜ አለ። ሽንኩርት ሌላም መልካም ጠባይ አለው፤ ሊነቀል ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው ውሃ ይቋረጥለታል፤ እንዲያውም ካልተቋረጠ ሲቀመጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ውሃው እጅግ በሚቀጥንበት ሰሞን ሁለቱ የሽንኩርት መደቦች ድርሻቸውን ለካሮት፣ ለቆስጣና ለአበሻ ጎመን ይለቁላቸዋል።

ቀን ከተቈጠረ በኋላ ዘር መፈተን ነው። ይህ ለዝናብ ቀን የተገባ ሥራ ነው። ከየዓይነቱ 20 ፍሬ ቈጥሮ በረጠበ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ሙቀት እንዲያገኝ ከምድጃው ራቅ አድርጎ ማኖርና ጨርቁ እንዳይደርቅ መጠበቅ ብቻ ነው። በዐሥረኛው ቀን ስፈታው ከጎመኑ 17 በቅሏል፤ ከአምናው ሽንኩርት ግን ስድስት ብቻ። የሽንኩርት ዘር ዕድሜው ዐጭር ነው፤ ከአንድ ዓመት በላይ በተቀመጠ ቍጥር ኀይሉ ይደክማል፤ የጎመን ዘር ግን በደረቅ ስፍራ ከተያዘ ሦስትና አራት ዓመት ይታገሣል። ይህን ባንፈትን ኖሮ የሞተ ዘር ዘርተን ዝናቡን ስንራገም እንገኝ ነበር። እናቴ ለአዲስ የሽንኩርት ዘር ከዶሮዎቻቸው እንቍላል ሽያጭ ከፈሉ። የአበሻ ጎመን ዘር ግን አንገዛም፤ የዚህ ተክል ጥንተ አገሩ የኛው ደጋ ነውና ሁለት ሦስት እግር ለዘር ሲተውለት ለዓመት የሚበቃ ይሰጣል። ከዘራችን የተረፈውን አያቴ ወቅጠው ምጣድ ያሰሱበታል።

ፍግን በሚመለከት ብዙ መናገር ያሻኛል፤ ነገር ግን በየቤታችሁ ያለው ችግር ከኛው ጋራ አንድ ነው። ኩበቱን እናንድደው ወይስ ለመሬት እናድርገው? እናቴ ለእንጀራ ማገዶ ይፈልጋሉ፤ አባቴ ለጓሮ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ያስታረቃቸው የክረምት አረም ነው። አረሙን ዘር ሳይቋጥር አጭዶ፣ አንድ ሽፋን አረም፣ አንድ ሽፋን ፍግ፣ ጥቂት አመድና አፈር እያደረጉ ከከመሩት ጥቂቱ ፍግ ብዙ ብስባሽ ይወጣዋል። በክምሩ መካከል አንድ ረዥም በትር ይሰካል። በትሩ ሲሳብ ለእጅ የሚሞቅ ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው፤ ከቀዘቀዘ መገልበጥ ይፈልጋል። በሐምሌ መዠመሪያ የተከመረ በመስከረም ጥቍርና ፍርፍር ያለ ሆኖ ይደርሳል። ከዝናቡ ብዛት ኀይሉ እንዳይታጠብም በሣር ወይም በአሮጌ ጆንያ መክደን ያስፈልጋል።

የመደቦቹን ካርታ በሒሳብ ደብተሬ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ላይ ነደፍሁት። በካርታው ላይ የምጽፈው የሚተከለውን ብቻ ሳይሆን አምና የነበረውንም ነው። ጎመን በነበረበት ጎመን አይመለስም፤ ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ የአንድ ወገን ዘመዶች ስለ ሆኑ አንዱ በሌላው እግር አይተካም፤ የአንዱን በሽታ ሌላው ይወርሳልና። ቆስጣና ቀይ ሥርም ምንም መልካቸው ባይመሳሰል የአንድ ተክል ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ቅጠሉን፣ አንዱ ሥሩን አሳደገ። ባቄላ የነበረበት መደብ ግን ለሁሉ የተባረከ ነው፤ በሥሩ ላይ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለአፈሩ ስለሚያስቀሩለት ጎመንን በዚያ ላይ መትከል ይጠቅማል።

ነሐሴ 10 ደረሰና የችግኝ መደቡን ሠራን። በዝናብ ወራት ለችግኝ ጠላቱ ጥማት ሳይሆን ጥጋብ ነው፤ ውሃ የተኛበት ችግኝ አንገቱ ይጠቍርና በአንድ ሌሊት ይወድቃል። ስለዚህ መደቡ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል፤ ዙሪያውን ቦይ ይወጣለታል፤ በበላዩም ጠብታውና በረዶው እንዳይደበድበው በአራት ባላ ላይ ቀላል የሣር ዳስ ይደረግለታል። ቦዩን ስቈፍር ትዝ ያለኝ በየቀኑ የማልፍበት የዮርዳኖስ ቦይ ነው። እነዚያ ቤተ መቅደሶችን ከአንድ ዐለት የፈለፈሉት ሰዎች ዘንባባና መስቀል ሲቀርጹ ክረምቱ የሚሄድበትን መንገድ አልረሱም። የኔ ቦይ ሁለት ጊዜ ተደርምሷል።

ድንቹ ለብቻው የሚነገር ነው። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1858 ዓ.ም. ቪልሄልም ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እጅ ነው ይባላል። አንዳንድ ጓደኞቼ፣ «ዝናብ በሞላበት በክረምት ለምን አትተክሉትም?» ይሉኛል። ምክንያቱ ዋግ መሰል የቅጠል በሽታ ነው። ይህ በሽታ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲገጥሙለት በጥቂት ቀን ውስጥ ማሳውን እሳት እንደ ላሰው ያደርገዋል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1845 ዠምሮ አየርላንድን ያስራበው ይኸው በሽታ ነው። ስለዚህ በአማራ አገር ብዙው ገበሬ ድንቹን በበልግ ወይም በመስኖ ይተክላል። እኛም ዝናቡ ሊቈረጥ ሲል፣ በመስከረም 20 ተከልነው። እኔም በካርታዬ ላይ ውሃው በቀላሉ የሚደርስለትን የታችኛውን መደብ ሰጠሁት።

ያ ነው ስሕተቴ። በታኅሣሥ አንድ ጥርት ባለ ሌሊት ውርጭ ወረደና ጧት ስንደርስ የታችኞቹ ሁለት መደቦች የፈላ ውሃ የፈሰሰባቸው መስለው ጠቍረዋል። ከነሱ ስድስት እርምጃ ሽቅብ ያለው ቃሪያ ግን ምንም አልሆነም። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቍልቍል ይፈስሳል፤ የታችኛው ካብ ሲያግደውም እዚያው ይተኛል። ውሃ በቀላሉ የሚደርስበት ስፍራ ብርድም በቀላሉ የሚደርስበት ነው። ድንቹን ቈፍረን ያወጣነው እንቍላል ሳያህል ነው፤ በልተነዋል። አያቴ «እዚያ ጕድጓድ ውርጭ ያድርበታል» ብለው በክረምቱ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን ካርታው ላይ ስላልነበረ አልጻፍሁትም።

ጎመኑ ውርጭ ይችላልና ዳነ። ከተከልናቸው 90 እግሮች 74ቱ ለገበያ በቁ። ሽንኩርቱም በየካቲት ያን ጊዜ ውሃ ሳይጠይቅ አኰረተ። የኔና የእኅቴ መጻሕፍት ከዚህ ተገዙ፤ ለጎረቤትም አንዳች ዕዳ የለብንም። የበግ መግዣ ግን አልተረፈም።

ይህን ስጽፍ ሰኔ ነው። የምንጩ ውሃ ዛሬ ጀሪካኑን በ90 ሴኮንድ ይሞላል፤ መጽሔቱ ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ከዚያም ሳይፈጥን አይቀርም። በአዲሱ ካርታ ላይ ድንቹ ወደ ላይኛው ካብ ሥር ወጥቷል፤ ድንጋዩ ቀን የሞቀውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታልና። ሰማዩ በጠራበት ማታም አፈሩን ቀደም ብለን ልናርሰው ተስማምተናል፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ለታችኛው መደብ ነጭ ሽንኩርት ደርሶታል፤ እሱ ብርዱን ይችላል። የማንስማማበት አንድ ነገር ቀርቶናል። አባቴ ከገና በኋላ ባዶ ከሚቀሩት መደቦች አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ በጥር መልሰው ሊተክሉ ይፈልጋሉ። የሰባት መደብ ውሃ በቀን 210 ሊትር ነው፤ ያለን 180 ነው። «ሠላሳ ሊትር ምንድር ነው?» ይሉኛል። ሠላሳ ሊትር አንድ ጀሪካን ተኩል ነው፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ የምንሸከመው እኔና እኅቴ ነን።